የወፍጮ ቤት ድምፅ

ጥቅምት 9

ይድረስ ላሳደጉኝ አክስቴ፣ ለእትዬ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ ያ ትልቁ ሞተርም ሳይቀር እንደምን ሰነበታችሁ እላለሁ። ፈጣሪ ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልኝ፣ ወፍጮ ቤቱንም ደንበኛ አያሳጣው። ሞተረኛችን ቺንጋው ደህና ነው? አሁንም የሞተሩን ቀበቶ ሲፈታና ሲያስር ነው የሚውለው?

እኔ በጣም ደህና ነኝ። የዩኒቨርሲቲው መኝታ ክፍላችን አራት አልጋ አለው፤ የእኔ በሩ አጠገብ ያለው ነው። ሦስቱ ልጆች ከአንድ ትምህርት ቤት የመጡ ስለሆኑ ይተዋወቃሉ። ጥሩ ልጆች ናቸው፤ ተያይዘው ሲወጡ መብራቱን እናጥፋው ወይስ ይብራልሽ ብለው ይጠይቁኛል። ምግቡም መጥፎ አይደለም። ምግብ ቤቱ ገና እንደተከፈተ፣ ሰው ሳይበዛ ሄጄ እበላና እመለሳለሁ።

እዚህ ሰው ሁሉ ቀስ ብሎ ነው የሚያወራው። እርስዎ ቢሰሟቸው «ምን ያንሾካሹካቸዋል፣ ሐሜት ነው እንዴ?» ይሉ ነበር። እኔም ለምጄዋለሁ፤ አሁን ድምፄን ቢሰሙት አያውቁኝም። አንዳንድ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ አንድም ቃል ሳልናገር እውላለሁ። ለጉሮሮም ጥሩ ነው መሰለኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ለማወቅ ያህል ብቻ ነው። የከተማችን ኮሌጅ ዲን አሁንም እህላቸውን የሚያስፈጩት እርስዎ ጋ ነው? ከሌላ ቦታ ተዛውሮ የሚመጣ ተማሪ ይቀበሉ እንደሆነ ቢጠይቁልኝ። ለአንዲት ልጅ ነው።

ጤና ይስጥልኝ፤ ልጅዎ።


ኅዳር 2

ለዓይኔ ብርሃን፣ ለእህቴ ልጅ፤

ሰላምታዬ ጆንያ ሙሉ ሆኖ፣ ሳይፈስና ሳይጎድል ይድረስሽ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴም ደህና ነው። ሞተሩ ግን እንደ አረጀ ሰው ጠዋት ጠዋት ሳል ይዞታል።

ለአንዲት ልጅ ነው አልሽኝ? እሺ። እንግዲያውስ ለዚያች ልጅ እንዲህ በያት። ዲኑ ባለፈው ሳምንት ስንዴ ይዘው መጥተው ነበር፤ እኔም ከሚዛኑ ሳልነሳ ጠየቅኳቸው። ውጤቷ ደህና ከሆነ ከሁለተኛው መንፈቅ ጀምሮ ቦታ አለ፣ እስከ የካቲት አጋማሽ እይዝላታለሁ አሉኝ። መኝታ አያስፈልጋትም፣ አልጋዋ ቤቷ እንደተነጠፈ ነው ብያቸዋለሁ። ሞኝ መሰልኩሽ እንዴ?

ይልቅ ምን ሆንሽ? አንቺ «በጣም ደህና ነኝ» ስትይ ነው የምፈራው። ደህና ስትሆኚማ ታማርሪያለሽ፤ ምግቡ ጨው በዛው፣ አልጋው ጎረበጠኝ፣ መምህሩ አፍንጫው ረዘመ ትያለሽ። ሳልናገር እውላለሁ ያልሽውንማ ደጋግሜ አነበብኩት። አንቺ? ከዚህ ጠርተሽ ከመንገዱ ማዶ ያለው አናጢ ከነመዶሻው ዞር የሚልልሽ ልጅ?

ካንቺ በኋላ ተራ የሚጠራው ቺንጋው ነው። ጥሪ ብሎ ነገር! ሞተሩ ሲነሳ ድምፁን ውጦት ቁጭ ነው። ባለፈው ባለ ሽምብራዋን ሲጠራ ባለ በቆሎዋ መጣች፤ የእኔ ነው የእኔ ነው ተባብለው ሁለቱም ዱቄት በዱቄት ሆኑ፣ እኔም መሐል ገብቼ ነጣሁ። «ያቺ ልጅ የት ሄደች?» ይሉኛል ሰዎቹ። «ዩኒቨርሲቲ!» እላለሁ ደረቴን ነፍቼ። ከዚያ አንድ ነገር የረሳሁ መስዬ ወደ ጓዳ እገባለሁ።

እስክትመጪ ድረስ ግን አደራ። ክበብ፣ ማኅበር፣ ቡድን እያሉ ከሚያዘናጉ ነገሮች ውስጥ እንዳትገቢ። የሄድሽው ለትምህርት ነው። ክፍል፣ ቤተ መጻሕፍት፣ መኝታ፤ አለቀ።

አክስትሽ።


ኅዳር 24

ለእትዬ፤

እንደ ወትሮው በፉከራ የሚነሱበት ጠዋት አይጡ እያልኩ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ለቺንጋውም ድምፅ ይስጥልኝ።

ያቺ አንዲት ልጅ እኔ ነኝ። ይኸው ተናገርኩ።

የሆነው እንዲህ ነው። በመጣሁ ሰሞን ምግብ ቤት ተሰልፌያለሁ። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ፊት ላይ ያለው ልጅ ተራው ደርሶ ስልኩን ያያል። አስተናጋጇ ጭልፋዋን ይዛ ትጠብቃለች፣ ከኋላ ሰው ይንጠራራል፣ ማንም ትንፍሽ አይልም። እኔ ደግሞ ያደግሁት የት እንደሆነ ያውቃሉ። ሳላስበው፣ ያንን ሙሉ ድምፄን ለቅቄ «ባለ ሰማያዊ ሹራብ! ተራህ ነው! ጆንያህን አቅርብ!» አልኩት።

እትዬ፣ ያ ሁሉ አዳራሽ ዞሮ አየኝ። ልጁ ሳህኑን ጣለ። ከዚያ ሳቁ መጣ፤ እስከ ወጥ ቤቱ ድረስ ሳቁ። ጆንያህን አቅርብ! እኔም አብሬ ልስቅ ሞክሬ ነበር፣ አልመጣልኝም። በማግስቱ ክፍል ስገባ አንዱ ከኋላ «ጆንያ መጣች» አለ። ከዚያ ወዲህ ድምፄን ቀነስኩት፤ ቆይቶም ተውኩት። ምግብ ቤት ቀድሜ የምሄደው ለዚህ ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር መጥቷል። ከመኝታ ቤቶቹ ጀርባ ሐይቅ አለ፤ ብቻዬን ስሆን ዳር ዳሩን እሄዳለሁ። ባለፈው ሐሙስ አንድ ረጅም ቀጭን ጀልባ ስምንት ሰው እየቀዘፈው ይመጣል። ቀዛፊዎች ጀርባቸውን ወደሚሄዱበት አዙረው ነው የሚቀመጡት፤ ፊት ለፊታቸው ያለውን አያዩም። እያየ የሚመራቸው ልጅ ያን ቀን ታሞ ቀርቶ ኖሯል። አሠልጣኟ በሌላ ጀልባ ሩቅ ኋላ ናት። እነሱ ሆዬ በሙሉ ኃይላቸው ወደ ድንጋዩ ግድግዳ ይነጉዳሉ! ማንም ያየ የለም፤ ያየሁት እኔ ነኝ። «ቁሙ! መቅዘፊያ ጣሉ! ቁሙ!» ብዬ ጮህኩ። ስምንቱም እንዳሉ ቆሙ። ጀልባዋ ግድግዳውን ልትነካ ምንም አልቀራት።

አሠልጣኟ መጣች። አጭር ሴት ናት፣ ፊሽካ አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። «የጮህሽው አንቺ ነሽ?» አለችኝ። «ይቅርታ» አልኳት። «የምን ይቅርታ ነው? ነገ ነይ» አለችኝ።

የሚፈልጉት ቀለል ያለ፣ ድምፅ ያለው፣ የማይደናገጥ ሰው ነው አሉ። ከጀልባዋ ጫፍ ተቀምጦ አቅጣጫ ይይዛል፣ ቀዘፋው አንድ ላይ እንዲሆን ይጠራል። ልምምዱ ጠዋት ነው፤ ትምህርቴን አይነካብኝም። ይፈቅዱልኛል? ለዲኑ ግን ለጊዜው ምንም አይበሏቸው።

ልጅዎ።


ታኅሣሥ 5

ለእህቴ ልጅ፤

ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ፣ ተቆጥቻለሁ። ጤና ግን ይስጥሽ።

መጀመሪያ፣ የሳቁብሽን ልጆች ስም ጽፈሽ ላኪልኝ። ጆንያ አቅርብ ማለት ምኑ ነው የሚያስቀው? ያን ቀን አብሬሽ ብኖር ኖሮ እያንዳንዳቸውን ሚዛን ላይ አወጣቸው ነበር።

ሁለተኛ፣ ጀልባ? አንቺ? ፊቷን በጣሳ ውኃ ስትታጠብ ትንፋሿን የምትይዝ ልጅ? መጀመሪያ ሰው ልታሻግር ተቀጥራ ነው ብዬ ደንግጬ ነበር። ቺንጋው አይ ስፖርት ነው ብሎ አስረዳኝ። ስምንት ጎረምሳ እየለፋ አንቺ ተቀምጠሽ ትጮሂያለሽ ማለት ነው? እሱማ የእኔ ሥራ ነው! ለዚህ ለዚህ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ምን አስኬደሽ? ሚዛኑ እዚህ፣ ጩኸቱ እዚህ፣ ውኃ የለ፣ መስጠም የለ።

አልፈቅድም። እነሱ ድምፅሽን እንጂ አንቺን አልፈለጉም፤ ጉሮሮሽ ሲደርቅ ሌላ ይፈልጋሉ። እኔ ግን ዝም ብትዪም እፈልግሻለሁ። መንፈቁን ጨርሺና ወደ ቤትሽ ነይ። ዲኑ እየጠበቁ ነው።

የሱፍ ካልሲ ልኬልሻለሁ። ለጀልባው አይደለም፤ እንዲሁ ጠዋት ጠዋት እንዳይበርድሽ ነው።

አክስትሽ።


ጥር 8

ለማከብርዎትና ለምወድዎት እትዬ፤

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎት በደህና ቀን፣ ሞተሩ ሳይስል፣ ሰዉም ሳይጣላ ያግኝዎት።

ዘገየሁ። መዋሸት አልፈለግሁም፤ እውነቱን መጻፍም ፈራሁ። ወደ ልምምዱ እየሄድኩ ነው፣ እትዬ። ካልሲውን ያደረግሁት ጀልባው ላይ ነው።

ስለ ውኃው ግን አይስጉ። ዋና ያልቻለ ሰው ጀልባ አይረግጥም አለች አሠልጣኟ። ስለዚህ ከትንንሽ ልጆች ጋር ዋና ተማርኩ። ውኃው ለእነሱ አንገታቸው ድረስ ነው፣ ለእኔ ወገቤ ድረስ፤ የምጮኸው ግን እኔ ነኝ። አንዲት የፊት ጥርሶቿ የወለቁ ሕፃን በየቀኑ «አይዞሽ ትልቋ» ትለኝ ነበር። አሁን ሐይቁን ከዳር ጀልባዎቹ እስከሚታሰሩበት ድረስ እዋኛለሁ። ዓይኔን ገልጬ ነው የምዋኘው።

ድምፄን እንጂ እኔን አልፈለጉም ያሉትን ብዙ አሰብኩበት። መጀመሪያ ላይ እውነትዎን ነበር። ሰውም አልነበርኩም፣ ጡሩንባ ነበርኩ። አንድ ቀን ግን ጀልባዋ ስትነሳ አንዱ ቀዛፊ ዘገየብኝና አፌ ለምዶበት «ጆንያህን አቅርብ!» አልኩት። እንዳልኩት አፌን በእጄ ያዝኩ። ያ የምግብ ቤቱ ሳቅ ተመልሶ መጣብኝ ብዬ ጠበቅሁ። ልጁ ግን «አቀረብኩ!» ብሎ መቅዘፊያውን ሳበ፤ ሌሎቹም «አቀረብኩ!» እያሉ ሳቡ። ያን ቀን ከሁልጊዜው ፈጥነን ደረስን። አሁን ስንነሳ የምንለው እሱን ነው። ማንም ቀስ በይ ብሎኝ አያውቅም። አሠልጣኟ እንዲያውም «ከዚህ በላይ የለሽም?» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ምንጊዜም አለኝ!

ይህን ደግሞ ልንገርዎት። ባለፈው ከቤተ መጻሕፍት አርፍጄ ምግብ ቤት ገባሁ። የእነሱ ጠረጴዛ ጢም ብሏል፤ አንድ ወንበር ላይ ቦርሳ ተቀምጧል። አንዱ መጥቶ ቦርሳውን ሊያነሳ ሲል ከቀዛፊዎቹ ግዙፉ፣ ጋሪው የምንለው፣ «ሰው አለበት» አለው። እትዬ፣ ሰው አለበት ያለው እኔን ነው። ቦርሳውን አንስቼ ተቀመጥኩ። ያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ እዚህ መኖሬን ያወቅሁት።

ውጤቴም ከፍ ብሏል፤ ማታ ማታ አብረን ነው የምናጠናው። ጋሪው ሒሳብ ያስረዳኛል፤ እኔ ደግሞ ሲያንቀላፋ እቀሰቅሰዋለሁ። በምን እንደምቀሰቅሰው አይጠይቁኝ።

የካቲት ሦስት ውድድር አለን። ከዚያ በፊት ግን መልስዎን እፈልጋለሁ። ቺንጋው ጽፎልኛል። ጉልበትዎ አብጦ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው ሰዉን የሚያስተናግዱት አለኝ። እርስዎ ግን «ጉልበቴም ደህና ነው» ብለው ነበር የጻፉልኝ። እኔ እዚህ እየሳቅሁ እርስዎ እዚያ ብቻዎን ሲሰቃዩ ሳስበው ሆዴ ይባባል። እውነቱን ተናገሪ ካሉኝ እዚሁ መሆን እፈልጋለሁ፤ በጣም ነው የምፈልገው። ነገር ግን ነይ ካሉኝ እመጣለሁ። ሳላኮርፍ ነው የምመጣው።

ልጅዎ።


ጥር 29

ለእትዬ፤

ሰላም ይብዛልዎት። መልስዎ አልደረሰኝም። ቺንጋውም ዝም ብሏል። ዲኑ ያሉት ቀን እየቀረበ ነው፣ ውድድሩም የፊታችን ቅዳሜ ነው። ተቆጥተው እንደሆነ ተቆጥቻለሁ ይበሉኝ፤ ታመው እንደሆነም ታምሜያለሁ ይበሉኝ። አንዲት ቃል ትበቃኛለች።

ልጅዎ።


የካቲት 8

ለዓይኔ ብርሃን፣ ለልቤ ኩራት፣ ለእህቴ ልጅ፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ፤ ላንቺ ብቻ ሳይሆን ለስምንቱም ይድረስ። የዚያ የግዙፉ ልጅ ድርሻ በዛ ይበል፣ ሰውነቱም ሰፊ ነው። የት አዩት ትይኝ ይሆናል። ቀስ በይ፣ እነግርሻለሁ።

ያ ረጅሙ ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ መልስ መጻፍ ጀመርኩ። «ነይ» ብዬ ጻፍኩና ቀደድኩት። እንደገና ጀመርኩ፤ አሁንም ብዕሩ «ነይ» ነው የሚለው። ብዕሩን ወርውሬ ወፍጮ ቤቱን ዘጋሁ። ሞተሩ ከተተከለ ወዲህ ዘግቼው አላውቅም፤ ሰዉ ሞታ ነው እንዴ ብሎ በሩ ላይ ተሰበሰበ። «ልጄን ላመጣ ነው!» ብዬ ትልቁን ሻንጣ ባዶውን ይዤ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ልብስሽን ልከትበት ነበር፣ ሌላ ምን አለው?

የዩኒቨርሲቲው ዘበኛ በር ላይ አስቆመኝ። ስምሽን ብነግረው አያውቀውም። አጭር ናት፣ ቀጭን ናት አልኩት፤ እንደሱ ያለ መዓት ነው አለኝ። ድምፀ ትልቅ ናት ስለው ፊቱ በራ። «እሷን ነው እንዴ! የእኛ ጯኺ! ውድድር ላይ ናት፣ ሐይቁ ጋ ይሂዱ!» አለኝ። የእኛ አለ! ደስ አለኝ፤ ትንሽ ደግሞ ቀናሁ። ማን ሰጣቸውና ነው?

ሐይቁ ዳር ሰው እንደ ገበያ ነበር። ጀልባዎቹ ገና ሩቅ ናቸው፤ ከዚያ ማን የቱ እንደሆነ አይለይም። አንቺን የለየሁሽ በጆሮዬ ነው። የእኔን ድምፅ አወጣጥ፣ የእኔን አጠራር ይዘሽ «ጆንያ አቅርቡ!» ስትይ ሰማሁ። ዳር ያለው ተማሪ ሁሉ አብሮሽ «ጆንያ አቅርቡ!» እያለ ይዘላል። ልጄ፣ ያ ቃል ከእኔ አፍ የወጣ ነው። ዱቄት ለብሼ፣ ላብ አጥቦኝ፣ ማንም ሳይሰማኝ እንዳይቀር ብዬ የምጮኸው ነው። ያን ሁሉ የተማረ ልጅ ይዘሽ እንዲህ ስታስጮኺው ሳይ እንባዬ ዝርግፍ አለ። ወዲያው ደግሞ ሳቅኩ፤ ሰው አበደች ሳይለኝ አልቀረም።

አጠገቤ አንዲት ዘመናይ ሴትዮ ቆማለች። «የእህቴ ልጅ ናት» ልላት ፈለግሁ። ድምፅ አጣሁ! እኔ፣ ሞተር የማይበግረኝ ሴትዮ! «ምን አሉኝ?» አለችኝ። እንደገና ሞከርኩ፣ አሁንም ሹክሹክታ ነው። በሦስተኛው ግን ወጣልኝ። «የእህቴ ልጅ ናት! ያሳደግኋት እኔ ነኝ!» ስል ከእሷ አልፎ ካሜራ የያዘው ሰውዬ ሳይቀር ዞሮ አየኝ። ያን ጊዜ አንቺ ራስሽን ቀና አደረግሽ፤ ሰማችኝ ብዬ ከአንድ ዛፍ ኋላ ተሸሸግሁ።

ሦስተኛ ወጣችሁ አሉ። እኔ እዚህ ለሰዉ አንደኛ ብያለሁ፤ እንዳታጋልጪኝ። ከዚያ እነዚያ ግዙፎች በደስታ አንስተው ወደ ውኃው ሲወረውሩሽ ሻንጣውን ጥዬ ልገባ ነበር! ብቅ አልሽ። ፀጉርሽ ፊትሽ ላይ ተለጥፎ፣ እየዋኘሽ፣ እየሳቅሽ፣ የአንዱን እግር ይዘሽ ወደ ውኃው ስትጎትቺ አየሁሽ። እዚህ ሳለሽ እንደዚያ ስትስቂ ያየሁሽ ስንቴ ይሆን? አስቤ አስቤ ብዙ አላገኘሁም፤ ሥራ ነበር፣ ሞተሩም ይጮኻል።

ለምን መጥተው አላቀፉኝም ትያለሽ። እጄ እንዴት እንዳሳከከኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ግን ብታዪኝ ሻንጣውን ታዪው ነበር። ካየሽው ደግሞ አንዲት ቃል ሳትናገሪ ዕቃሽን መክተት ትጀምሪያለሽ። ሳላኮርፍ ብለሽ ጽፈሻል፤ አታኮርፊም፣ አውቃለሁ። ያስፈራኝም እሱ ነው። በዚያው አውቶቡስ ተመለስኩ፤ ሻንጣው ባዶውን እንደሄደ ባዶውን መጣ። አጭሯን ደብዳቤሽን ከበር ሥር አገኘኋት።

ጉልበቴን ሐኪም አይቶት መድኃኒት ሰጥቶኛል፤ ይሻለኛል። ዋሽቼሽ ነበር፣ እንግዲህ አልዋሽሽም፤ ሲያመኝ አመመኝ እልሻለሁ። ትናንት ዲኑ መጡ። «ልጅቷ መቼ ትምጣ?» አሉኝ። ቦታውን ለሌላ ሰው ልጅ ይስጡት አልኳቸው። ሚዛኑም ጋ ሽንኩርት ትቸረችር የነበረች አንዲት ሴት ቀጥሬያለሁ። ደህና ድምፅ አላት፤ እንዳንቺ አይደለም፣ ግን ባለ ሽምብራዋን ስትጠራ የምትመጣው ባለ ሽምብራዋ ናት።

አሁን እንግዲህ ቦታው ተይዟል፣ ሚዛኑም ተይዟል። ለእረፍት ስትመጪ እንግዳ ነሽ፤ ተቀመጪ ብዬ ነው የማስተናግድሽ። ነይ ካሉኝ እመጣለሁ ብለሽኛል አይደል? ነይ አልልሽም፣ ልጄ። እዚያው ጩኺ።

አክስትሽ።